ቆርኪ አይደለም፤ ግን እባክህ ከእንግዲህ አትፈትገው

የደረሰን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ነው። ከሁለት ወር በፊት በሰፈራችን አንድ አዛውንት አርፈው ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሲሸጡ፣ ሳንቲም የሚመስሉ ነገሮች የሞሉበት የብስኩት ቆርቆሮ በ35 ዶላር ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስቆጥራቸው 41 ናቸው። ግማሾቹ የሱቅና የመጠጥ ቤት ስም ያለባቸው፣ ‹ይህን ይዞ ለመጣ የ5 ሳንቲም ዕቃ› ዓይነት ጽሑፍ ያላቸው ናሶች ናቸው። 1863 የሚል ያለባቸው ትንንሽ መዳቦች አሉ። አንድ ትልቅ መዳብ ላይ ቆብ ያጠለቀ ጢማም ሰው አለ፤ መነኩሴ መሰለኝ። እንደ ወረቀት የቀለለ፣ የሕንፃ ሥዕልና 1893 የሚል ያለበት ነጭ ብረት፣ በማሽን ተዳምጦ ሞላላ የሆነ ሳንቲም፣ ጀርባው ላይ የሴት ሥዕል ያለበት የኪስ መስታወት፣ ደግሞም ፊቱ ተሰንጥቆ ውስጡ የፖስታ ቴምብር የሚታይበት ክብ ነገር አለ። አንደኛው ላይ የተጻፈው ለእርስዎ የሚነገር አይደለም።

ሁሉም በየትንሽ ፖስታው ውስጥ ነበር፤ ፖስታዎቹ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። ለማየት ስቸኩል ሁሉንም አውጥቼ አንድ ላይ ከመርኳቸው። ቀጥዬ አሥራ ሁለቱን በኮምጣጤና በጨው ፈትጌ አጠብኳቸው፤ ሮዝ ሆኑ። ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራው ባለቤቴ ‹ቆርኪ ለቃሚ› የሚል ስም አውጥታልኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት ሌላ 180 ዶላር ማውጣቴን አላወቀችም። ባለፈው ሳምንት የሳንቲም ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ቴምብር ያለበትን አንስቶ በአጉሊ መነጽር አየና መልሶ አስቀመጠው፤ ከዚያ ሌላውን ሳያይ ‹ሙሉውን በ200 ዶላር ልውሰደው› አለኝ። ልሽጥ ወይስ ልያዝ? የቀሩትንስ በምን ላጽዳ?
ቆርኪ ለቃሚው»

ወንድሜ፣

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ። በምን ላጽዳ ላልከው መልሴ «በምንም» ነው። ኮምጣጤውን ወደ ኩሽና መልሰው። መዳብ መቶ ሃምሳ ዓመት አየርና እጅ ሲነካካው የሚያወጣው ቡናማ ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ የብረቱ ልብስ ነው፣ ከሥሩ ያለውንም ይጠብቃል። አሲዱና ጨው ያን ልብስ ገፈው ጥሬ ሥጋውን አሳዩህ፤ ሮዝ ያየኸው እሱን ነው። የተገፈፈው አይመለስም። አሁን የሚቻለው አሥራ ሁለቱን በተጣራ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ፣ ከዚያ መተው ነው። ጨው ተደብቆ ከቀረ መዳቡን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፤ ከወራት በኋላ ዱቄት የመሰለ አረንጓዴ ነገር ይወጣዋል። ቀለሙን ለመመለስ ድኝ ቀባው የሚልህም አይጠፋም። አትስማው፤ የተቀባ ቡናማ ከተገፈፈ ሮዝ የባሰ ያስታውቃል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ደብዳቤህን ሳነብ እጄን ራሴ ላይ ያስጫነኝ ኮምጣጤው አይደለም። ፖስታዎቹ ናቸው።

ሳንቲም የመንግሥት ነው። ማን አወጣው፣ የት፣ መቼ የሚለው ራሱ ላይ አለ። ቶከን፣ ማለትም እንዳንተ ናሶች ያለ በሳንቲም ፈንታ የሚሠራ ብረት ግን የአንድ ባለሱቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነግርህ አንድ ስምና «5 ሳንቲም» ብቻ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰውየውን ስለሚያውቀው ከተማውን መጻፍ ለምን ያስፈልገው ነበር? አሜሪካውያን ሰብሳቢዎች ከተማ ያልተጻፈበትን ቶከን «ማቨሪክ» ይሉታል፤ የባለቤቱ ምልክት ያልተተኮሰበት፣ ከመንጋው የጠፋ ጥጃ እንደ ማለት ነው። አገሩ ያልታወቀ ማቨሪክ ጥቂት ዶላር ቢያወጣ ነው። ያው ናስ የአንዲት ትንሽ ከተማ መጠጥ ቤት መሆኑ በማስረጃ ሲታወቅ ግን ሰዎች ይሻሙበታል። የተለወጠው ብረቱ አይደለም፤ ስለ ብረቱ የታወቀው ነገር ነው። ያ አዛውንት በእርሳስ የጻፉት ምናልባት የስንትና ስንት ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍት ድካም ነው፤ አንተ የከመርከው እሱን ነው።

ደግነቱ ፖስታዎቹን አልጣልካቸውም። አሮጌ ወረቀት ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ብረት ዱካውን ይተዋል። ፖስታውን ከመብራት አጠገብ አዘንብለህ ያዘው፤ ወረቀቱ ላይ ክብ ጉብታ ታያለህ፣ ዕድለኛ ከሆንክም በዙሪያው ቡናማ ጥላ። የክቡን ስፋት በካሊፐር ለካ፣ ከሌለህ በማስመሪያ። 19 ሚሊ ሜትር ግድም ከሆነ ከ1863ቶቹ መካከል ፈልግ። ስምንት ማዕዘን ያለው ቶከን የሚተወው ዱካ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተቆረጠውም እንዲሁ። የቀረውን የእርሳሱ ጽሑፍ ይጨርሰዋል። «ጥቁር ቡናማ፣ ያማረ» የሚል ፖስታ ብታገኝና ጓደኛው ከሮዞቹ አንዱ ቢሆን ግን የቱ እንደሆነ እንጃልህ። ያልተረጋገጠውን በግምት አትክተተው። ለብቻ አስቀምጠህ የጥያቄ ምልክት አድርግበት፤ የተሳሳተ ፖስታ ውስጥ የገባ ቶከን ከእንግዲህ ለሚያየው ሰው ሁሉ ሲዋሽ ይኖራል።

ወደ 200 ዶላሩ እንምጣ። ሰውየው መጀመሪያ ምን እንዳነሳ ራስህ ጽፈህልኛል፤ ምን ማለት እንደሆነ ሳታስተውለው አለፍከው እንጂ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1862 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፋፋም ሕዝቡ የወርቅና የብር ሳንቲሙን ደበቀ፤ ባለሱቁ መልስ የሚሰጥበት ዝርዝር አጣ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ መንግሥት የፖስታ ቴምብር እንደ ገንዘብ እንዲያገለግል ፈቀደ። ቴምብር ደግሞ ኪስ ውስጥ ላብ ሲነካው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። ጆን ጎልት የሚባል ሰው መላ አመጣና ኦገስት 12 ቀን 1862 የፈጠራ መብት አገኘበት፦ ቴምብሩን ክብ የናስ ቤት ውስጥ ከተተው፣ ፊቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ቀጭን የሚካ ማዕድን ሸፈነው፣ ጀርባውን ደግሞ ለማስታወቂያ ሸጠው። የኤየር ክኒን፣ የድሬክ ፕላንቴሽን ቢተርስ የተባለው መራራ መጠጥ፣ ሎርድ ኤንድ ቴይለር የተባለው መደብር ሁሉ ናሱ ላይ ስማቸውን አስቀረጹ። ገንዘብም ማስታወቂያም የሆነ ነገር ነው። ብዙም አልቆየ፤ መንግሥት የራሱን የሳንቲም ኖት ሲያወጣ ቀረ።

ያንተ እውነተኛ ከሆነ ነጋዴው ለቆርቆሮው በሙሉ ካቀረበልህ በላይ ብቻውን ሊያወጣ ይችላል። ከሆነ ነው ያልኩት። ባዶ ቤት ውስጥ ሌላ ቴምብር የሚከትቱ፣ የተሰበረ ሚካ አውጥተው በአዲስ የሚተኩ አሉ፤ የናሱ ጠርዝ ተፈልቅቆ ተመልሶ የተጠቀጠቀ ከመሰለህ ጠርጥር። መሰንጠቁ ዋጋውን ይቀንሰዋል፣ ግን ማንም እንዳላደሰውም ይጠቁምሃል። ውሃ አታስነካው፣ ማጣበቂያ አታስነካው፣ አገላብጠህ አትጫነው። ነጋዴውን ሌባ አላልኩትም፤ ሊያተርፍ የመጣ ሰው ነው። ግን ዕቃውን ከሌላ ሰው ጋር ሳታሳይ ለአንድ ሰው በጅምላ አትሽጥ። ከ1960 ጀምሮ ያለው የቶከንና የሜዳይ ማኅበርም ሆነ ከ1967 ጀምሮ ያለው የእርስ በርስ ጦርነት ቶከኖች ማኅበር አባላት ፎቶ አይተው ሐሳብ ለመስጠት አይሰስቱም።

ትንንሾቹ 1863ቶችም የዚያው የዝርዝር እጦት ልጆች ናቸው። 25 ሚሊዮን ያህል እንደተመቱ ይገመታል። አንዳንዶቹ የነጋዴ ስም አላቸው፣ ሌሎቹ የጦርነት መፈክር ብቻ። የነጋዴ ስም ካላቸው በብዛት የወጡት እዚያው አንተ ያለህበት ኦሃዮ ውስጥ ነው፤ ሲንሲናቲ ጆን ስታንተንና ዊልያም ላንፊርን የመሳሰሉ ቅርጽ አውጪዎች ነበሯት። አጉሊ መነጽር አንሳና ጀርባቸውን እይ። አንዳንዱ ላይ «አንድ ሳንቲም» የሚለው በትልቁ ተጽፎ፣ ከበላዩ ግን በደቃቅ ፊደል «አይደለም» የሚል ቃል ታገኛለህ። ከሩቅ ሲያዩት ሳንቲም ነው፣ ዳኛ ፊት ሲቀርብ «አንድ ሳንቲም አይደለም» ይላል። እንዲህ ያለ ጮሌነት ደስ ይለኛል።

ባለሱቁ የሰጠህን ቶከን በገንዘብ ይመልስልህ ነበር ወይ? በኒው ዮርክ መሸታ ቤት የነበረው ጉስታቨስ ሊንደንሙለር ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሠርቶ ረጭቷል ይባላል። የሰርድ አቬኑ የፈረስ ትራም ኩባንያ ከተሳፋሪ የተቀበለው ክምር ሲሆንበት «ይኸው ዕዳህ፣ ክፈለን» ቢለው ስቆ ሸኛቸው ይላሉ። ታሪኩ ዝም ብሎ የመሸታ ቤት ወሬ ቢሆን እንኳ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1864 የወጣው ሕግ የግለሰብ አንድና ሁለት ሳንቲም ማሠራትን ከለከለ። በዚያው ሕግ መንግሥት የራሱን አንድ ሳንቲም ከወፍራም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ወደ ቀጭን ነሐስ ቀየረው፣ ከ4.67 ግራም ወደ 3.11። ሰዉ የባለሱቆቹን ስስ መዳብ ሳያጉረመርም መቀበሉን ገንዘብ ማተሚያው አይቶ ነበርና ነው። መንግሥት ከባለሱቅ የተማረበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ተራዎቹ ዛሬም ርካሽ ናቸው፤ ሚስትህን የሚያስቆጣ ዋጋ የላቸውም።

መነኩሴህ መነኩሴ አይደለም። ጢሙ ረዝሞ፣ ቆቡ ጠልቆ፣ ዙሪያውን የኦክ ቅጠል ጉንጉን ካለ የጥንት ብሪታንያ አረማዊ ካህን ነው፤ ድሩይድ ይሉታል። በዌልስ አንግልሲ ደሴት ያለው የፓሪስ የመዳብ ማዕድን ኩባንያ (የፈረንሳይዋ ፓሪስ አይደለችም) ከ1787 ጀምሮ ያወጣው ፔኒ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለዓመታት መዳብ ሳንቲም መምታት ትቶ አገሩ በሐሰተኛ ግማሽ ፔኒ ተጥለቅልቆ ነበር፤ የማዕድኑ ባለቤቶች የራሳቸው መዳብ ስላላቸው ሠራተኛ የሚከፍሉበትን ራሳቸው መቱት። ሚዛን ላይ አድርገው፤ ወደ 28 ግራም መምጣት አለበት። ከዚያ ጠርዙን እንደ ጎማ እያሽከረከርክ አንብበው። ጀርባው ላይ ለአምጪው አንድ ፔኒ እንከፍላለን ይላል፤ የት እንደሚከፍሉ የተጻፈው ግን ጠርዙ ላይ ነው፦ ለንደን፣ ሊቨርፑል ወይም አንግልሲ። ሌሎች ነጋዴዎች ተከተሉ፣ ወዲያው ሰብሳቢ ፈላ፣ ሰብሳቢ ሲፈላ ደግሞ ቅርጽ አውጪዎቹ የአንዱን ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር እያዳቀሉ «ብርቅ» ማምረት ጀመሩ። በ1790ዎቹ! ሰብሳቢን ማታለል ዛሬ የመጣ እንዳይመስልህ።

የቀለለው ነጭ ብረት አሉሚኒየም ነው፤ ከቺካጎ የመጣ ይመስለኛል። የኮሎምበስ 400ኛ ዓመት የዓለም ትርኢት ከሜይ እስከ ኦክቶበር 1893 ሲቆይ 27 ሚሊዮን ገደማ ጉብኝት ተመዝግቦበታል። አሉሚኒየም ያኔ ብርቅ ነበር፤ በርካሽ ማውጣት የተቻለው በ1886 ሆል በአሜሪካ፣ ኤሩ በፈረንሳይ በየፊናቸው ዘዴውን ካገኙ ወዲህ ነው። ብር የመሰለ ነገር እጁ ላይ ሲያደርጉለት እንደ ላባ የቀለለበት ጎብኚ ሳይገዛ አይሄድም። ሥዕሉ ስምንት ማዕዘን ላይ የቆመ ጉልላት ከሆነ የአስተዳደር ሕንፃው ነው። እነዚያ ግዙፍ ሕንፃዎች ከላይ እብነ በረድ ይምሰሉ እንጂ ጀሶና ጭረት ነበሩ፤ ትርኢቱ ባለቀ በዓመቱ፣ ጁላይ 1894 እሳት አብዛኛውን በላው። ሰው አሳፍሮ የሚሽከረከረው፣ 80 ሜትር የሚረዝመው የመጀመሪያው የፌሪስ መንኮራኩር፣ 36 ሳጥን፣ በያንዳንዱ 60 ሰው፣ እሱም በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ ለሌላ ትርኢት ካገለገለ በኋላ በ1906 በድማሚት ፈርሶ ቁርጥራጭ ብረት ሆነ። አንተ ቆርቆሮ ውስጥ ያለችው ቀላል ክብ ነገር ከሕንፃው ይልቅ ዕድሜ አገኘች። ጫፏ ላይ ቀዳዳ ቢኖርባት አትዘንባት፤ ብዙዎቹ በጥብጣብ ደረት ላይ እንዲንጠለጠሉ ተብለው ከፋብሪካ የተበሱ ናቸው።

የተዳመጠውም ሳንቲም ከዚያው ትርኢት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ልማድ በአሜሪካ የተጀመረው እዚያ ነው። ግን አንድ ፈተና አለው፦ በትርኢቱ ጽሑፍ ሥር የድሮውን ሳንቲም ጥላ ፈልግ። የራሱ ዓመት ደብዝዞ ይታያል። ከ1893 በኋላ ከሆነ በኋላ ዘመን የተደገመ ነው።

የዓለም ትርኢት ማስታወሻ መሰብሰብ ግን፣ ከጠየቅከኝ፣ ላንተ አልመክርም። ከ1851ዱ የለንደን ክሪስታል ፓላስ ይነሳል፤ በ1876 ፊላደልፊያ፣ በ1889 ፓሪስ አለ፤ እዚያ አይፍል ግንብን የወጣ ሰው የደረሰበት ፎቅ የተጻፈበት ሜዳይ ይገዛ ነበር። በ1901 ቡፋሎ ላይ በአሉሚኒየም ቀለበት የታቀፈ የዕድል ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ማለቂያ የለውም፤ 180 ዶላር ሳይታወቅህ የሚያልቀው እንዲህ ባለ ሰፊ ባሕር ውስጥ ነው። የብር ዶላር የሚያክሉትን ሜዳዮች ሰብሳቢዎች «ሶ ኮልድ ዶላር» (ዶላር ተብዬ) ብለው በሂብለርና ካፐን የ1963 ዝርዝር ቁጥር ይለዋወጧቸዋል፤ ስታነብ «ኤች ኬ» የሚል ቁጥር ካየህ እሱ ነው። ይህን ማወቅ ለጊዜው ይበቃሃል።

አንተ ያለህበት ቦታ ላይ ቁም። ኦሃዮን ያዝ። «ለ5 ሳንቲም ዕቃ» የሚሉት ናሶች ርካሽ ናቸው፣ መረጃቸውም እጅህ ላይ ነው። «ኢን ትሬድ» የሚለውን ቃል አስተውል፤ በዕቃ እንጂ በገንዘብ አልመልስም ማለቱ ነው። አንዱን ምረጥ፣ ከተማ የሌለውን። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ዙርና የሠሪውን ስም ፈልግ፤ የሳን ፍራንሲስኮው ሞይዝ ለምሳሌ ስሙን በደቃቁ ያኖር ነበር፣ ሠሪው ምዕራብ ከሆነ ባለሱቁም ወደዚያው ይሆናል። የቢሊያርድ ጠረጴዛ ሥዕልና ብረንስዊክ ባልክ የሚል ካለበት ጠረጴዛውን የሸጠው ኩባንያ ማስታወቂያ ነው፤ የመጠጥ ቤቱ ስም በሌላው ፊት ነው። የአሪዞና ወይም የኒው ሜክሲኮ ቴሪቶሪ (ገና ስቴት ያልሆነ ግዛት) የሚል ምልክት ካለ ከ1912 በፊት ነው፣ የኢንዲያን ቴሪቶሪ ከሆነ ከ1907 በፊት፤ እነዚህን ካገኘህ ለማንም ሳታሳይ መጀመሪያ ለእኔ ጻፍልኝ።

ስሙን ስትፈልግ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ትከፍታለህ። 1880 አለ፣ 1900 አለ፣ የ1890 ግን የለም ማለት ይቻላል፤ በ1921 ዋሽንግተን ላይ በተነሳ እሳት ክፉኛ ተጎድቶ የተረፈውም በኋላ ተወግዷል። ብዙ ቶከን ደግሞ የወጣው በዚያ ክፍተት ነው። ስለዚህ የየከተማውን የነዋሪና የንግድ ማውጫ፣ የሳንቦርን የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎችንና የድሮ ጋዜጦችን ነው የምታገላብጠው፤ ካርታውም ጋዜጣውም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ አለ። አንድ ማታ በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ፊደል አጻጻፍ፣ የመንገዱን ቁጥር ጭምር ስታገኝ የሚሰማህን ነገር ልነግርህ አልችልም። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ።

ለእኔ የማይነገረውን ጽሑፍ በተመለከተ፣ ልንገርህና አርፈህ ተኛ፦ ሐሰተኛ ነው። በአሜሪካ ገበያ ላይ «የሴተኛ አዳሪ ቤት ቶከን» ተብሎ የሚሸጠው ማለት ይቻላል ሁሉ፣ አገልግሎቱን በግልጽ የሚጠራው በተለይ፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተጋመሰ በኋላ ለቱሪስት የተመረተ ነው። የእውነቱ ቤት እንዲያ ያለ ነገር ናስ ላይ አይጽፍም፤ የመጠጥ ቤት ቶከን መስሎ ነው የሚያልፈው። እንዴት አወቅህ ትለኝ ይሆናል። በጀማሪነቴ 60 ዶላር ከፍዬ ገዝቼ፣ ለአንድ አንጋፋ ሰብሳቢ በኩራት አሳየሁት። ሰውየው ምንም ሳይናገር መሳቢያውን ስቦ ተመሳሳይ አሥር አወጣልኝ። ጠርዛቸው ሁሉ ሹል፣ ማድያታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ልክ በአንድ ቀን እንዳረጁ። ያንተንም ጠርዙን በጣትህ ሞክረው።

መስታወቱን ከብረቶቹ ዛሬውኑ ለይ። ጀርባው ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው፤ ሲያረጅ የሚተነው አሲድ ጎረቤቱን ብረት ይበላል። ላስቲክ የመሰለ ጥቁር ወይም ቀይ ቡናማ ቶከን ካለህ እሱንም ለብቻ፤ በድኝ የጠነከረ ጎማ ስለሆነ ብርን ያጠቁራል። ብረቶቹን የሚያሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተት፤ አዲስ የሻወር መጋረጃ ከሸተተህ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ይተውባቸዋል። ማይላር (ብረት የማይጎዳ ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ያለው የካርቶን መያዣ ግዛ። ዝልግልጉ የያዘው መዳብ ወይም ናስ ካለ ንጹሕ አሴቶን ያለቅቀዋል፣ ከእሳት ርቀህ፣ መስኮት ከፍተህ። መስታወቱን ግን አሴቶን እንዳታስነካ፤ ሴሉሎይዱን ያቀልጠዋል።

አሁን ስለ 180 ዶላሩ። ዛሬ ማታ ንገራት። በቃ። «ቆርኪ ለቃሚ» ያለችህ ስትቀልድ ነው፤ ደረሰኙን ከኪስህ ስታገኘው ግን የምትጠራህ በሌላ ስም ነው። ደግሞ በግማሽ እውነቷን ነው፤ ከ41ዱ ሠላሳ ያህሉ እንደ ገንዘብ ሲታዩ ከቆርኪ ብዙም አይርቁም። በወር ይህን ያህል ብላችሁ ተስማሙ፣ ከዚያ በላይ ሲያምርህ ድርብ የሆነውን ሸጠህ ግዛ። ደሞም ሴትዮዋ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው! የናሙና ስያሜ መቀላቀል ምን ማለት እንደሆነ ካንተም ከእኔም በላይ ታውቃለች። ግራም በመቶኛ ድረስ የሚመዝን ሚዛን፣ ጓንት፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ። ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ «እባክሽ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ አግዢኝ» ብለህ ጀምር፤ ኮምጣጤውን ለነገ አቆየው።

ስትጀምሩ ደግሞ አንድ ነገር ቁጠሩልኝ። ብረቱ 41 መሆኑን ጽፈሃል፣ ፖስታው ስንት እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። 41 ከሆነ ደህና። 44 ከሆነ ግን ሦስቱ አሁንም እዚያ ቤት አንዱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ የእርሳሱ ማስታወሻ የተገለበጠበት ደብተርም ካለ እዚያው ነው። ቤቱ ተጠርጎ ቁልፉ ለገዢ ሳይሰጥ ልጆቻቸውን ደውልላቸው።